መምህሩ ሲሄድ የሚቀር ትምህርት

ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ አያት በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኘው ሲኤምሲ የተባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከአንድ የጣሊያን የሕንፃ ሥራ ድርጅት ነው። ፊደላቱ የድርጅቱ ስም ምኅፃር ሲሆኑ፣ ትርጓሜያቸውም የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ማለት ነው። ይህም ማኅበር በ1901 እ.ኤ.አ. በራቬና ከተማ ግንበኞች ተባብረው ያቋቋሙት ነበር። ዛሬ የሠፈሩ ነዋሪ ስሙን በየቀኑ ይጠራል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም በዚያ የሚቆምበትን ስፍራ በዚሁ ስም ይጠራዋል። ነገር ግን ስሙ ከየት እንደ መጣ ጠይቆ የተረዳ ሰው ጥቂት ነው። ከሩቅ የመጣ ሠራተኛ ሥራውን ፈጽሞ ሲሄድ ግንብና ስም ትቶ ይሄዳል፤ ከዚህ የበለጠም አይጠየቅም፤ የተዋዋለው ለግንብ ነውና።

በወንጌል ስም ተልኮ ሕዝብን የሚያስተምር መልእክተኛ ግን ግንብና ስም ትቶ ቢሄድ ይበቃዋልን? በዚህ ጽሑፍ ልናጠናው ያሰብነው ይህን ጥያቄ ነው። ይልቁንም መልእክተኛው የተላከው ጸጥታ ወደ ታጣበት አገር ቢሆን፣ የሚያስተምረውም ከሃይማኖት ትምህርት ጋራ የማኅበረሰብ ልማት፣ በቀድሞው አነጋገር የሕዝብ ኑሮ ዕድገት የሚባለውን ቢሆን፣ ትምህርቱን እንዴት ቢያደርግ ይጸናል? ዛሬ የጀመረውን ነገ ይፈጽመው ዘንድ ማንም ዋስትና አይሰጠውምና ነገሩ ከባድ ነው። እኛም ይህን የምንጽፈው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። በምሥራቅ አዲስ አበባ ባሉት አጥቢያዎች፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚት፣ በመሪና በአያት ካሉት ምእመናን መካከል ወገኖቻቸው በገጠር የሚኖሩ፣ ገንዘብና መምህራን ወደዚያ ለመላክ የሚያስቡ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ከመላካቸው በፊት ቢያስቡበት ይጠቅማል ብለን ነው።

የነቢዩ ኤልሳዕ አስተማሪነት

ልማት ማለት አንድ ሕዝብ ባለበት ስፍራ ተሰብስቦ፣ ችግሩን ራሱ ለይቶ፣ በእጁ ያለውን ቈጥሮ፣ የጎደለውን በኅብረት የሚሞላበት ሥራ ነው። ይህም ነገር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ከቍጥር 1 እስከ 7 የተጻፈው የመበለቲቱ ታሪክ ለዚህ ትልቅ አብነት ነው። ሴቲቱ ባሏ ሞቶባት፣ ባለ ዕዳ ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት በደረሰ ጊዜ ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩ ከሰማይ እንጀራ አላወረደላትም፤ ከባለጸጋ ዘንድ ሄዶም አልለመነላትም። አስቀድሞ የጠየቃት በቤቷ ያለው ምን እንደ ሆነ ነው። ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት በነገረችው ጊዜም ከጎረቤቶቿ ሁሉ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ፣ ከልጆቿ ጋራ በሯን ዘግታ እንድትቀዳ አዘዛት።

ይህን ታሪክ በዝግታ ለሚመረምር ሰው አራት ነገሮች ይገለጡለታል። መጀመሪያ፣ ነቢዩ የተነሣው ከሌላት ነገር ሳይሆን ካላት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ጎረቤቶቿን በሥራው አስገባቸው፤ ማድጋ ያዋሰ ሁሉ የበረከቱ ተካፋይ ሆነ። ሦስተኛ፣ ዘይቱ ሲፈስ ነቢዩ በቤቷ አልነበረም። በሯን የዘጋችው በራሷና በልጆቿ ላይ ነው፤ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ነው ሄዳ የነገረችው። አራተኛ፣ የታዘዘችው ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋራ እንድትኖር ነው፤ ይኸውም ለነገ ደግሞ ነቢዩን መጠባበቅ እንዳያስፈልጋት ነው።

እንግዲህ ልማትን የሚያስተምር ሁሉ በተለይ ሦስተኛውን ነገር ልብ ይበል። ተአምራቱ የተፈጸመው መምህሩ በሌለበት ነው። ጌታችንም በበረሃ ሕዝቡን ሊመግብ በወደደ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱን የጠየቃቸው ስንት እንጀራ እንዳላቸው ነው (ማር. 6፥38)። የሚያንሰውን አምጥተው በእጁ ካኖሩለት በኋላ ባረከው፤ ማደሉንም ለእነርሱ ተወላቸው። ከዚህ የምንረዳው የመለኮት ኃይል እንኳ የሰውን እጅ ሥራ ፈት አድርጎ እንደማይተው ነው። የሰው ኃይልማ ይህን እንዴት ሊደፍር ይችላል?

የጋፋት ምሳሌ

ጸጥታ በታጣበት ዘመን ጥበብን ለማስተማር የመጡ ሚሲዮናውያን ታሪክ በአገራችን አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ በኢየሩሳሌም የነበረው የአንግሊካን ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ቤት የሠለጠኑ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። እነዚህ ሰዎች ካህናት አልነበሩም፤ በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ሕዝቡን በኑሯቸው እንዲያስተምሩ የታሰቡ የእጅ ጥበብ ሠራተኞች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ በ1848 ዓ.ም. ደረሱ፤ ዋልድማየርና ሳልሙለር የተባሉት ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጡ። መኖሪያቸውም ከደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ሆነ። በዚያም ለአገሩ ልጆች ንባብንና የእጅ ሥራን አስተማሩ፤ በመንገድ ሥራም አገለገሉ።

ነገር ግን አገሩ አልጸናም። ንጉሠ ነገሥቱ በየአቅጣጫው ዐመፅ በተነሣባቸው ጊዜ ከእነዚህ መምህራን የፈለጉት ማረሻና መጋዝ ሳይሆን መድፍ ነው። መድፍ መሥራት እንደማያውቁ ቢናገሩም ከመሞከር አላመለጡም። በ1859 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በጋፋት ቀለጠ። ከዚያም በተራራና በገደል መንገድ እየተጠረገለት ወደ መቅደላ ተጎተተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ፤ የጋፋት ሰዎችም ከእንግሊዝ ጦር ጋራ አገሩን ለቀው ወጡ። ዋልድማየር በኋላ በሊባኖስ ተራሮች በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በአስፉርየህም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። በኢትዮጵያ ግን ከዚያ ሁሉ ድካም ሕዝቡ ዛሬ የሚያስታውሰው ያን መድፍ ነው። መድፉ በመቅደላ አምባ ቀርቷል፤ ምስሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ይህን የምናወሳው የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ለመንካት ወይም እንግዶቹን ለመክሰስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አገራቸው በጥበብ ወደ ኋላ መቅረቷ ያንገበግባቸው ነበር፤ ሠራተኞቹም በተቻላቸው መጠን ታማኞች ነበሩ። ጉድለቱ ሌላ ነው። ትምህርቱ የተተከለው በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ገዢ ፈቃድ ሥር ነበር። ባለቤቱ ሕዝቡ ስላልነበረ፣ ባለ ሥልጣኑ ሲቸግረው ማረሻው ወደ መድፍ ተለወጠ፤ ባለ ሥልጣኑ ሲወድቅም ግቢው ባዶ ሆነ። ባልጸና አገር የሚያስተምር ሰው ጥበቡን በኃያላን ደጅ ቢያኖረው፣ ኃያላን በቸገራቸው ጊዜ ለምን እንደሚያውሉት አያውቅም። በየጎጆው ከዘራው ግን አንዱ ጎጆ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

እንጀራን የእምነት ዋጋ ስለማድረግ

ሁለተኛው አደጋ ከመንግሥት ሳይሆን ከመልእክተኛው ከራሱ ይመጣል። የተራበ ሰው ስንዴ ለሚሰጠው ሁሉ እሺ ይላል፤ ሕፃኑ የታመመበት አባት መድኃኒት ያለውን ሰው አይከራከርም። ይህን ድካም አይቶ እምነትን በእንጀራ የሚገዛ መምህር ሰውን አላዳነም፤ ገዝቶታል እንጂ። ጌታችን ከእንጀራው በልተው ስለ ጠገቡ የፈለጉትን ሰዎች እንደ ገሠጻቸው (ዮሐ. 6፥26)፣ ሐዋርያው ጴጥሮስም የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ የወደደውን ሲሞንን እንደ ተቃወመው (የሐዋ. 8፥18–20) እናውቃለን። የማይሸጥ ስጦታ መግዣም መሸጫም ሊሆን አይገባውም።

ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ ዘመን ሚሲዮናውያንን በጥርጣሬ ስትመለከት የኖረችው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መንግሥትም ይህን ተመልክቶ በ1936 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ አገሩን የቤተ ክርስቲያኒቱ ክልልና ለሚሲዮናውያን ክፍት የሆነ ክልል ብሎ ለየው፤ በማስተማሪያነትም አማርኛን እንዲጠቀሙ አዘዘ። ድንጋጌው ለዘመኑ መፍትሔ ነበር፤ ነገር ግን ለእኛም ትምህርት አለው። ሌሎች በስንዴ ያባብላሉ ብለን የምንከስ እኛ ራሳችን ርዳታ ስናድል ስም እየጠራን፣ አጥቢያ እየለየን፣ የተቀባዩን ሃይማኖት እየመረመርን ከሆነ ክሳችን በራሳችን ላይ ይመለሳል። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ከየት ወገን እንደ ሆነ አልጠየቀውም፤ ቍስሉን ግን አሠረለት።

የ1964 ዓ.ም. ሁለት ሥራዎች

በ1964 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ ነገሮች በአገራችን ተደርገዋል። አንደኛው፣ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን የምንለውን መሥሪያ ቤቷን አቋቋመች። ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማልማት ስለሚገናኙበት ሁኔታ በባሕር ማዶ ላሉት ረጂዎቿ ደብዳቤ ጻፈች። የደብዳቤው አሳብ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ረጂዎቹ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለስብከተ ወንጌል ግን እጃቸውን ያሳጥራሉ፤ ሰው ግን ነፍስና ሥጋ ተብሎ የሚከፈል አይደለም፤ የሚረዳም ቢሆን ሙሉውን ሰው ሊረዳ ይገባዋል።

በሃይማኖት ትምህርት ከመካነ ኢየሱስ ጋራ የምንለያይበት ነገር እንዳለ የታወቀ ነው። ቢሆንም እውነት ከየትም ቢነገር እውነት ነው። አባቶቻችን ስለ ሥጋዌ ሲያስተምሩ፣ ቃል የሰውን ባሕርይ ሳያጎድል፣ ነፍስንም ሥጋንም ተዋሐደ ብለው ነው። ይህን ትምህርት የያዘች ቤተ ክርስቲያን የሰውን ሥጋ ለመንግሥት፣ ነፍሱን ለራሷ አድርጋ ልትከፍለው እንዴት ይቻላታል? ስለዚህ ልማት ለእኛ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም፤ ከተዋሕዶ ትምህርታችን የሚወጣ ምግባር ነው።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች በተጀመሩ በሁለተኛው ዓመት አብዮት ፈነዳ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የመንግሥት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የያዘችውን ርስት አጣች። ፓትርያርኩ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት አቡነ ቴዎፍሎስም ቄስ ጉዲናም ተገደሉ። ሁለቱ በሃይማኖት የተለያዩ፣ በአሟሟት ግን የተመሳሰሉ ሆኑ። ከዚህ በላይ አገር የሚናወጥበት ጊዜ አለን? ሆኖም ኮሚሽኑ አልጠፋም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ስንዴ ካደሉት አንዱ ነበር፤ የተከሉት ከሞቱ በኋላም ሥራው ቀጠለ። የመሬቱ ርስት በአንድ ዐዋጅ ሲጠፋ፣ ሰዎችን ያሠለጠነው ሥራ በሰዎቹ ውስጥ ቀርቶ ተገኘ።

ከዝዋይ የተገኘ ትምህርት

በዚያው አስጨናቂ ዘመን፣ እግዚአብሔር የለም የሚለው ትምህርት በየአደባባዩ በሚነገርበት ወራት፣ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን የካህናት ማሠልጠኛ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በክረምት ወራትም ከከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ወጣቶችን ተቀብለው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ሰጧቸው። ያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ነጻነት፣ ብዙ ጊዜም አልነበረም። ብፁዕነታቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ፤ ደርግ ሲወድቅ አላዩም። ነገር ግን ከእርሳቸው የተማሩት ወጣቶች በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን ካቋቋሙት መካከል ተቈጠሩ።

እኚህ አባት የተማመኑት በዘመኑ ጸጥታ ቢሆን ኖሮ ዘመኑ እስኪጸና ድረስ ይጠብቁ ነበር። በግቢውም ብቻ ቢተማመኑ ኖሮ ሥራው ከእርሳቸው ጋራ በተቀበረ ነበር። እርሳቸው ግን ትምህርቱን በሚሄዱ ሰዎች ላይ አሳደሩት። የክረምቱ ተማሪ ክረምቱ ሲፈጸም ወደየመጣበት ይመለሳል፤ ትምህርቱም ከእርሱ ጋራ ይሄዳል። ጸጥታ በታጣበት አገር ከዚህ የተሻለ መጋዘን የለም። መጋዘን ይዘረፋል፤ መኪና ይወሰዳል፤ የተማረ ልብ ግን ተሰድዶም ያስተምራል።

የደቡብ ጎንደር ቅጥሮች

ሌላ ምሳሌ ደግሞ ከቅርብ ዘመን እንጨምር። በደቡብ ጎንደር በየአጥቢያው ዙሪያ የቀረው ደን በእርሻና በከብት ግጦሽ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ መሄዱን ያጠኑት የሥነ ምኅዳር ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው፤ እርሳቸውንም ብዙ አንባቢ እመጓ በተባለው መጽሐፋቸው ያውቃቸዋል። ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋራ ሆነው ካህናቱን ሰብስበው፣ ከሰማይ የተነሣውን ፎቶግራፍ አሳዩአቸው። ካህናቱ የየደብራቸውን ደን በቡናማው ምድር መካከል እንደ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ባዩት ጊዜ ምን ይደረግ የሚለውን ራሳቸው ተነጋገሩበት። የተስማሙበትም የድንጋይ ቅጥር መሥራት ነው።

ድንጋዩ ከየት መጣ? ከገበሬው ማሳ። ማረሻ የሚሰብረውን ድንጋይ ለቅመው ቅጥር አደረጉት፤ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። በዚህ ሥራ የኤልሳዕ ሥርዓት ሁሉ ይታያል። የተነሡት በእጃቸው ካለው ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ተካፈለ፤ ሊቃውንቱ ቢሄዱም ቅጥሩ የደብሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ የእንግዳ መምህራን ጉዞ ሲታጎል፣ ቅጥሩን የሠራው ገበሬና ቄስ ከቅጥሩ አጠገብ ነዋሪ ነበር። ቅጥር የሚጠገነው በአካባቢው ድንጋይና በአካባቢው እጅ ስለ ሆነ፣ ከሌላ አገር የሚመጣ መለዋወጫ አይጠብቅም።

መልእክተኛው ምን ያስተምር?

ከዚህ በላይ ከተነገረው በመነሣት፣ ጸጥታ ወደ ታጣበት ስፍራ ልማትን ለማስተማር የሚሄድ ካህን ወይም ምእመን ሊጠብቃቸው የሚገቡትን ነገሮች በየተራቸው እናቅርብ።

አንደኛ፣ አስቀድሞ ይቍጠር። በአጥቢያው ስንት ምንጭ፣ ስንት ጥማድ በሬ፣ ስንት ግንበኛ፣ ስንት አዋላጅ፣ ስንት መጻፍ የሚችል ሰው አለ? ይህን ቈጠራ ሕዝቡ ራሱ ያድርገው። ችግሩን ብቻ እንዲዘረዝር የተጠየቀ ሕዝብ ለማኝ መሆንን ይማራል፤ ያለውን እንዲቈጥር የተጠየቀ ግን ባለቤት መሆንን ይማራል።

ሁለተኛ፣ አዲስ ማኅበር ከማቋቋሙ በፊት ያለውን ይመልከት። እድር፣ ሰንበቴ፣ የጽዋ ማኅበር፣ እቁብ፣ ደቦ፣ ወንፈል ሕዝቡ ያለ ማንም አስተማሪ ያቆማቸው ናቸው፤ ብዙ መንግሥታት ሲያልፉ እነርሱ አላለፉም። የልማቱ ሣጥን በእነርሱ እጅ ይሁን። ቍልፉም በአንድ ሰው ብቻ አይያዝ፤ የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ብዙዎች በተገኙበት እንደሚከፈት ሁሉ፣ ሣጥኑም ሦስት ሰዎች በአንድነት ሳይገኙ አይከፈት፤ ሒሳቡም በጉባኤ ይነበብ። አንዱ ቢሰደድ ወይም ቢሞት ሁለቱ ይቀራሉ።

ሦስተኛ፣ ሰው ቢፈናቀል ይዞት ሊሄድ የሚችለውን ነገር ያስተምር። ልጁ በተቅማጥ የደከመበት እናት አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር በልኩ ተለክቶ፣ በጥብጣ በየጥቂቱ ማጠጣትን ብታውቅ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እስክትደርስ ድረስ ብዙ ትረዳዋለች። ይህ ዕውቀት በመጠለያም በስደት መንገድም አብሯት ይሄዳል። ዘርም እንዲሁ ነው፤ ሁሉ በአንድ ጎተራ ከሚከማች በብዙ ቤት ተከፍሎ ቢቀመጥ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ለመጪው ክረምት ይተርፋል።

አራተኛ፣ የአንዱ ወገን ሰው አይሁን። በጠብ መካከል የሚያስተምር መልእክተኛ የማንንም መልእክት ከሰፈር ወደ ሰፈር አያድርስ፤ የጦር መሣሪያ በትምህርቱ ቤት እንዲቀመጥ አይፍቀድ፤ የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ለማያስፈልገው ሰው አያሳይ። በጠብ ጊዜ የስም ዝርዝር የሞት ወረቀት ሊሆን ይችላልና። ሲያድልም በችግሩ መጠን እንጂ በወገኑ አያድል።

አምስተኛ፣ በዓላትን ይጠቀምባቸው። ገበሬው በዓላትን በማክበሩ ሥራ ይጎድላል ብለው የሚወቅሱ አሉ። አስተዋይ መልእክተኛ ግን ቀኑን ሳይሽር ጉባኤውን ያስተምርበታል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ ይመጣል፤ ከቅዳሴ በኋላ በዛፍ ሥር ለአንድ ሰዓት ያህል የሚነገር ምክር የተለየ አዳራሽም የተለየ አበልም አይፈልግም።

ስድስተኛ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተተኪን ያዘጋጅ። ማንም የተማረ ሰው የተማረውን ለሌሎች ሁለት ሰዎች ሳያስተምር ትምህርቱን ፈጸመ አይባል። መልእክተኛው ነገ መንገድ ቢዘጋበት፣ ዛሬ ያስተማራቸው ሰዎች የእርሱን ስፍራ ሊይዙ የሚችሉ ይሁኑ።

ጸጥታ እስኪመጣ መጠበቅ ይገባልን?

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ሰምተው፣ አገር ሲረጋጋ ቢጀመር አይሻልምን? ሊሉ ይችላሉ። የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነፍስን በከንቱ ለአደጋ መስጠት ትሩፋት አይደለም፤ ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱ በአንድ ከተማ ቢሰደዱ ወደ ሌላይቱ እንዲሸሹ አዝዟቸዋል (ማቴ. 10፥23)። ስለዚህ መንገዱ በተኩስ በተዘጋበት ስፍራ ማንንም ወጣት ገፍተን እንላክ አንልም፤ የሚላከውም የአገሩን ሽማግሌዎችና የሀገረ ስብከቱን ምክር ሳይሰማ አይሂድ።

ነገር ግን መሄድ ያልተቻለው መምህር ነው እንጂ ትምህርቱ አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው መልእክት ቤት እንዲሠሩ፣ አታክልት እንዲተክሉ፣ ለተማረኩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መከራቸው (ኤር. 29፥5–7)። የተማረከ ሕዝብ አትክልት ትከል ከተባለ፣ በአገሩ ያለው ሕዝብ ደግሞ ጸጥታ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይገባውም። በነህምያም ዘመን ቅጥር ሠሪዎቹ በአንድ እጃቸው ሥራውን፣ በሌላው መሣሪያ ይዘው ነበር (ነህ. 4፥17)። ለእኛ መልእክተኞች በሁለተኛው እጅ የሚያዘው ጸሎትና ትዕግሥት ነው እንጂ ሰይፍ አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ እጅ ሁልጊዜ በሥራው ላይ ይሁን።

ሌሎች ደግሞ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው ይላሉ። መንገድና ሆስፒታል መሥራት በእርግጥ የመንግሥት ሥራ ነው። ነገር ግን መንግሥት በደከመበት ስፍራና ጊዜ ሕዝቡ የሚሰበሰበው በደብሩ ነው፤ የታመመውን የሚጠይቀው፣ የሞተውን የሚቀብረው፣ የተጣላውን የሚያስታርቀው ቄሱና የእድሩ ዳኛ ናቸው። ሐዋርያት የመበለቶች ድርሻ በተጓደለ ጊዜ ይህ የእኛ ሥራ አይደለም ብለው አልተዉትም፤ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ዲያቆናት ሾሙበት እንጂ (የሐዋ. 6፥1–6)። ማዕድ ማገልገልን ለተሾመ ሰው ሰጡት፤ ሹመቱም በጸሎትና እጅ በመጫን ሆነ። ልማት በቤተ ክርስቲያን የተናቀ ሥራ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ለከተማ ምእመናን የቀረበ ምክር

በሲኤምሲና በአካባቢዋ የምትኖሩ ምእመናን ሆይ፤ እናንተ ወደ ገጠር መሄድ ባትችሉ ገጠሩ ወደ እናንተ መጥቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን በተነሣው ጦርነት፣ ከዚያም በተከተሉት ግጭቶች ከቤታቸው የተፈናቀሉ ብዙዎች ዘመዶቻቸውን ተከትለው ወደ ከተማ ገብተዋል። በየደጀ ሰላሙ ለምጽዋት እጃቸውን የሚዘረጉትን ስታዩ ሳንቲም ሰጥታችሁ አትለፉ። ኤልሳዕ እንደ ጠየቀ በእጃቸው ያለው ምን እንደ ሆነ ጠይቋቸው። ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ግንበኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ የአብነት መምህር ከመካከላቸው ይገኛል። ጥበብ ያለው እንዲሠራ፣ የሌለው ካለው እንዲማር የሰበካ ጉባኤው ከእድሩ ጋራ ቢመክርበት፣ ምጽዋቱ ለዕለት ብቻ ሳይሆን ለነገም ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ሰላም ሆኖ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ማንም መልእክተኛ ሊደርስ ከማይችልበት ስፍራ የሚደርስ መልእክተኛ ልካችኋል ማለት ነው።

መምህርን ለመላክ ገንዘብ የምታዋጡትም፣ ከመላካችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ። የምንልከው ሰው ከሄደ በኋላ ሥራውን የሚይዘው ማን ነው? የምንሰጠው ነገር ቢበላሽ በአገሩ ሰው ይጠገናልን? ስማችን በሰሌዳ ላይ ባይጻፍ እንኳ ለመስጠት እንፈቅዳለን? ለእነዚህ ቀና መልስ ካላገኛችሁ ገንዘቡን ጥቂት አቆዩት፤ መልስ እስክታገኙም አገሩን የሚያውቁትን ምከሩ። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ አስተማረ (የሐዋ. 18፥3)፤ ከሄደባቸው ከተሞችም ብዙውን ጊዜ እየተሰደደ ወጣ። ነገር ግን በየከተማው ቀሳውስትን ሾሞ ነበርና እርሱ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን አልወጣችም።

የተላኩትን በመንገዳቸው ይጠብቅልን፤ የተፈናቀሉትን ወደየርስታቸው ይመልስልን፤ ለአገራችንም ሰላምን፣ ለእጃችንም ሥራን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።